በካርዱ ላይ ከመፍረድ በፊት

የቤት ኮምፒውተር ስክሪን ድንገት ሲጠቁር፣ ወይም ጌም መሃል ላይ ባለቀለም ነጠብጣብ ሲረጭበት፣ ከባለቤቱም ከጎረቤቱም አፍ ቀድሞ የሚወጣው ፍርድ አንድ ነው፤ «ካርዱ ተቃጥሏል»። ሳያጣሩ ወሬ፣ ሳይገድሉ ጎፈሬ የሚለው ተረት እዚህ ላይ በትክክል ይሠራል። ግራፊክስ ካርድ ብዙ ጊዜ ከኬዙ ውስጥ ካሉት ዕቃዎች ሁሉ ውዱ ነው። በስህተት የተፈረደበት እንደሆነ ጤነኛው ካርድ በተበላሸ ዕቃ ዋጋ ይሸጣል፣ ሌላ ካርድ በብዙ ሺህ ብር ይገዛል፣ ሳምንት ሳይሞላ ያው ችግር በአዲሱ ላይ ይመለሳል። የታመመው ፓወር ሰፕላዩ ነበርና።

ምርመራ ስል ምስሉ የሚጓዝበትን መንገድ ተከትሎ የት ላይ እንደሚሰናከል መለየት ማለቴ ነው። መረጃው ከፕሮሰሰሩ ተነሥቶ በማዘርቦርዱ ረጅም ሶኬት በኩል ወደ ካርዱ ይገባል። የካርዱ ቺፕ ምስሉን በራሱ ሜሞሪ ላይ ይሠራዋል። ከዚያ በካርዱ መውጫና በኬብሉ አልፎ ሞኒተሩ ጋ ይደርሳል። ከሞኒተሩ በቀር ይህን ሁሉ በኃይል የሚቀልበው ፓወር ሰፕላዩ ነው። ከእነዚህ አንዱ ሲታመም የካርድ ብልሽት የሚመስል ምልክት ሊያሳይ ስለሚችል፣ ምንም ወጪ ከማይጠይቀው ሙከራ ጀምሮ፣ በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ እየለወጡ መሄድ ያስፈልጋል። ሁለት ነገር አብሮ የለወጠ ሰው ችግሩ ቢጠፋለትም ምን እንዳዳነው አያውቅም።

ከሁሉ በፊት መታወቅ ያለበት ችግሩ የሚመጣበት ሰዓት ነው። ኮምፒውተሩ ገና ሲበራ፣ የማዘርቦርዱ ዓርማ በሚታይበት ቅጽበት መስመርና ነጠብጣብ ካለ፣ ዊንዶውስም ድራይቨሩም (ዊንዶውስ ካርዱን የሚያዝበት ፕሮግራም) ገና አልተነሡም፤ ሶፍትዌር ከተጠርጣሪዎች ዝርዝር ወጣ ማለት ነው። ዴስክቶፑ ላይ ሰላም ሆኖ ጌም ወይም ቪዲዮ ኤዲቲንግ ሲጀመር ብቻ የሚመጣ ከሆነ ጥርጣሬው ወደ ሙቀት፣ ወደ ኃይል አቅርቦትና ወደ ካርዱ ሜሞሪ ይዞራል። ዊንዶውስ ሲነሣ የሚሽከረከረው ክብ ታይቶ ልክ ዴስክቶፑ ሊመጣ ሲል ከጠቆረ ደግሞ ድራይቨሩ ሥራ የሚጀምርበት ሰዓት ነው። ይህኛው ብዙ ሰው ስለሚያሳስት በኋላ እመለስበታለሁ።

አወዳደቁም ይናገራል። ኮምፒውተሩ በአንዴ ድርግም ብሎ ቢጠፋ ወይም ራሱን ሪስታርት ቢያደርግ መጀመሪያ የምጠረጥረው ፓወር ሰፕላዩን ነው። ስክሪኑ ጠቁሮ ድምፅ ግን ከቀጠለ፣ የካርዱም ፋን በሙሉ ኃይሉ መጮኽ ከጀመረ፣ ካርዱ ከሲስተሙ ተቆርጧል፤ ኃይል አጥሮት ወይም ራሱ ታሞ ሊሆን ይችላል። ምስሉ ለጥቂት ሰከንድ ቆሞ፣ ጠቆር ብሎ ከተመለሰ ደግሞ ዊንዶውስ ካርዱን 2 ሰከንድ ጠብቆ መልስ ስላጣ ድራይቨሩን እንደ አዲስ አስነሥቶታል። ይህ ሲሆን ኢቨንት ቪውወር በሚባለው የዊንዶውስ መዝገብ ውስጥ በቁጥር 4101 ይመዘገባል። ቁጥሩን ያየ ሁሉ «ድራይቨር ነው» ይላል፤ ምዝገባው የሚናገረው ግን ካርዱ በሰዓቱ አለመመለሱን ብቻ ነው፣ ለምን እንደሆነ አይናገርም።

ምንም መሣሪያ የማይፈልጉ ሁለት ሙከራዎች አሉ፤ ስንት ካርድ ሊያድኑ እንደሚችሉ ሳስብ ማንም ሰው ቢያውቃቸው እመኛለሁ። አንደኛው፣ ብልሽቱ ስክሪኑ ላይ እያለ የሞኒተሩን የራሱን ቁልፍ ተጭኖ የብርሃን ማስተካከያ ሜኑውን ማውጣት ነው። ያንን ሜኑ የሚሥለው ሞኒተሩ ራሱ እንጂ ካርዱ አይደለም። መስመሩ በሜኑው ላይም ካለፈ የታመመው ሞኒተሩ ነው፤ ሜኑው ንጹሕ ሆኖ ከኋላው ያለው ምስል ብቻ ከተበላሸ ጥፋቱ ከሞኒተሩ ወዲህ ነው። ሁለተኛው ስክሪንሾት ማንሣት ነው። ፎቶውን በስልክ ወይም በሌላ ኮምፒውተር ይክፈቱት። ነጠብጣቡ ፎቶው ውስጥ ካለ ምስሉ ገና ካርዱ ሜሞሪ ላይ ሳለ ተበላሽቷል፤ ኬብል ቢቀያየር ለውጥ አይመጣም። ፎቶው ንጹሕ ከሆነ ግን ጥፋቱ ከካርዱ መውጫ እስከ ሞኒተሩ ባለው መንገድ ላይ ነው፣ ምናልባትም በጥቂት መቶ ብር የሚፈታ። በሞባይል ካሜራ ስክሪኑን ማንሣት ይህን አይተካም፤ ስክሪንሾቱ መነሣት ያለበት በኮምፒውተሩ ውስጥ ነው።

ኬብልን በተመለከተ አሮጌ የቪጂኤ ሞኒተር አሁንም በብዙ ቤት ስላለ መለየት ይገባል። ቪጂኤ አናሎግ ነው፤ አንድ እግሩ ሲጣመም ወይም ሲሰበር አንድ ቀለም ይጎድላል፣ ስክሪኑ ሁሉ ቢጫ ወይም ሮዝ ይሆናል። ኤችዲኤምአይና ዲስፕሌይፖርት እንዲህ አይደክሙም። የእነሱ ኬብል ሲታመም ብልጭ ብልጭ የሚል ነጭ ነጠብጣብ ይታያል፣ ወይም ምስሉ ለአፍታ ጠፍቶ ይመለሳል። ሞኒተሩ በሰከንድ ምስል የሚያድስበትን ፍጥነት ወደ 60 ኸርዝ አውርደው ችግሩ ከጠፋ ኬብሉ ብዙውን መረጃ መሸከም አቅቶታል። ከኤችዲኤምአይ ወደ ቪጂኤ የሚለውጡት ርካሽ መቀየሪያዎች ውስጣቸው ቺፕ ስላለ ይሞቃሉ፤ ከግማሽ ሰዓት በኋላ ብቻ የሚመጣ መጥቆር ሲያጋጥም መቀየሪያውን በእጅ መንካት ተገቢ ነው። ኬብሉ በስህተት ካርዱ ላይ ሳይሆን ማዘርቦርዱ ላይ ተሰክቶ እንደሆነም ይታይ።

ቀጥሎ ካርዱን አውጥቶ መመለስ ነው። ኮምፒውተሩን አጥፍተው ገመዱን ከግድግዳ ይንቀሉ፣ የማብሪያውን ቁልፍ ለጥቂት ሰከንድ ተጭነው የቀረውን ኃይል ያስጨርሱ፣ የኬዙን ብረት ነክተው ከሰውነት ላይ ያለውን ስታቲክ ያውርዱ። የሶኬቱን ጫፍ መቆለፊያ ሳይለቁ ካርዱን መጎተት ሶኬቱን ይሰብራል። የካርዱን ወርቃማ ጥርሶች በነጭ ላጲስ ቀስ አድርገው ይጥረጉ፣ ፍርፋሪውን አልኮል በነካው ንጹሕ ጨርቅ ያንሡ። ከፋርማሲ የሚገዛው 70 በመቶ አልኮል ውሃ ስላለበት እስኪደርቅ ጊዜ ይስጡት። ከተመለሰ በኋላ ጂፒዩ-ዚ የሚባለውን ነፃ ፕሮግራም ከፍተው የግንኙነቱን ስፋት ይዩ። አርኤክስ 580 ወይም ጂቲኤክስ 1060 የሚባሉት ካርዶች በ16 መስመር መገናኘት አለባቸው፤ 8፣ 4 ወይም 1 ብቻ ካለ ጥርሱ ወይም ሶኬቱ ችግር አለበት። አርኤክስ 6600 ግን ሲሠራ ጀምሮ 8 መስመር ብቻ ያለው ስለሆነ አይደንግጡ።

አሁን ወደ ድራይቨሩ። የተለመደው አባባል «ሴፍ ሞድ ላይ ይሠራል፣ ስለዚህ ካርዱ ደህና ነው» የሚል ነው። ይህ ስህተት ነው። በሴፍ ሞድ፣ ማለትም ዊንዶውስ በጥቂት አስፈላጊ ነገሮች ብቻ ሲነሣ፣ ካርዱን የሚያሠራው በመሠረታዊ ድራይቨር ሲሆን ቺፑ በሙሉ አቅሙ አይነሣም፣ ሜሞሪውም ከጥቂት ክፍሉ በቀር አይነካም። የታመመ ካርድ በሴፍ ሞድ ቀኑን ሙሉ ሰላም ሊውል ይችላል። ልክ እንደ እግር ሕመምተኛ ነው፤ ተቀምጦ እያለ ምንም አይታይበትም። ሶፍትዌርን በእርግጥ ከጥርጣሬ የሚያወጣው ዲዲዩ በሚባለው ፕሮግራም፣ በሴፍ ሞድ ውስጥ፣ ኢንተርኔት ተቋርጦ የድሮውን ድራይቨር ጠራርጎ ማጥፋትና ቀድሞ በደህና ይሠራ የነበረውን ስሪት መልሶ መጫን ነው። ኢንተርኔቱ ካልተቋረጠ ዊንዶውስ አፕዴት የራሱን ድራይቨር በመሃል ይጭናል። ይህ ሁሉ ተደርጎ ዲቫይስ ማኔጀር በሚባለው የዊንዶውስ የዕቃዎች ዝርዝር ላይ ኮድ 43 ከተመለሰ ድራይቨሩ ካርዱን ጠይቆ የብልሽት መልስ አግኝቷል ማለት ነው፤ ከዚያ በኋላ አሥር ጊዜ ድራይቨር መቀያየር ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም የሚሉት ነው።

ፓወር ሰፕላይ ላይ ረዘም ላለ ጊዜ መቆየት እፈልጋለሁ፤ በአገራችን ካርዶች በከንቱ የሚወነጀሉት በብዛት በእሱ ጥፋት ነው ብዬ አምናለሁና። ከኬዝ ጋር ተያይዞ የሚመጣ ርካሽ ፓወር ሰፕላይ ሳጥኑ ላይ 500 ዋት ተብሎ ይጻፍበታል። ያንን ቁጥር ይተዉትና ጎኑ ላይ ያለውን ሠንጠረዥ ያንብቡ። ካርዱና ፕሮሰሰሩ የሚመገቡት ከ12 ቮልት መስመር ነው። እዚያ ላይ 18 አምፔር ተብሎ ከተጻፈ 12 ሲባዛ በ18፣ የሚሰጠው 216 ዋት ብቻ ነው። አርኤክስ 580 ብቻውን 185 ዋት ይፈልጋል፤ 65 ዋት ፕሮሰሰር ሲጨመር 250 ደረሰ። እንዲህ ያለ ኮምፒውተር ዴስክቶፕ ላይ ምንም ሳይሆን ጌም ሲከፈት ይወድቃል፣ ባለቤቱም ካርዱን ይረግማል።

ሶኬቱ ራሱ ለካርዱ እስከ 75 ዋት ይሰጣል፣ ባለ 6 እግር ገመድ 75፣ ባለ 8 እግር 150 ዋት። ገመዱ ሲጠፋ ከሳታ (ሃርድ ዲስክ ከሚመገብበት መሰኪያ) ወደ 8 እግር የሚለውጥ መቀየሪያ ገበያ ላይ ይገኛል። አይግዙት። የሳታ መሰኪያ በ12 ቮልት የሚችለው 54 ዋት ነው፤ 150 ዋት ሲጠየቅ ፕላስቲኩ ይቀልጣል፣ እሳትም ሊያስነሣ ይችላል። ፓወር ሰፕላዩን ለመመርመር ቀላሉ መሣሪያ መልቲሜትር (ቮልትና ኦም መለኪያ) ነው። ከፓወር ሰፕላዩ ባለ 4 እግር መሰኪያ ላይ ቢጫውና ጥቁሩ ገመድ መካከል፣ ጌሙ እየሠራ እያለ ይለኩ። የተፈቀደው ከ11.4 እስከ 12.6 ቮልት ነው። ሥራ ፈቶ 12.1 የነበረው ጭነት ሲመጣ 11.3 ከወረደ ምርመራዎን ጨርሰዋል። ፕሮግራሞች የሚያሳዩትን የቮልት ቁጥር ለዚህ አልተማመንበትም፤ ከማዘርቦርድ ማዘርቦርድ ይለያያልና። የፓወር ሰፕላዩን ሳጥን ግን አይክፈቱ፤ ከግድግዳ ተነቅሎም ውስጡ የሚገድል ኃይል ይዞ ይቆያል።

መብራት ሲሄድና ሲመጣም ጉዳት አለ። በተለይ ሲመለስ ቮልቱ ከፍና ዝቅ እያለ ስለሚመጣ መብራት በጠፋ ቁጥር ዲቫይደሩን ማጥፋት፣ ከተመለሰም ጥቂት ደቂቃ ማሳለፍ ጥሩ ልማድ ነው። መብራት በመጣ ማግስት የጀመረ ችግር ካለ ከካርዱ በፊት ፓወር ሰፕላዩ ይመርመር፤ ምቱን ቀድሞ የሚቀበለው እሱ ነው።

ሙቀት ቀላሉ ክፍል ነው፣ ብዙ አልልም። ሙቀቱን የሚያሳየውን ኤችደብሊውኢንፎ የሚባል ፕሮግራም ከፍተው ጌም እየተጫወቱ 15 ደቂቃ ይከታተሉ። የቺፑ አምራች ኢንቪዲያ ለጂቲኤክስ 1060 ያስቀመጠው ጣሪያ 94 ዲግሪ ነው፤ ከ85 በላይ ሲሄድ ፅዳት ያስፈልገዋል። የቺፑ አማካይና የሞቃቱ ነጥብ ልዩነት ከ30 ዲግሪ ካለፈ ቴርማል ፔስቱ (በቺፑና በማቀዝቀዣው መካከል የሚቀባው ቅባት) ደርቋል ወይም ማቀዝቀዣው በትክክል አልተቀመጠም። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ላይ ስለሆነች አየሯ ስስ ነው፤ ያው ፋን በያው ፍጥነት ከቆላ ከተማ ያነሰ አየር ያሳልፋል፣ አቧራ ሲጨመርበት ይብሳል። አቧራውን ሲነፉ የፋኑን ምላጭ በጣት ይያዙት፣ ከመጠን በላይ ከተሽከረከረ ኩሽኔታው ይጎዳል። ዴስክቶፕ ላይ ፋኑ ቆሞ ካዩ ደግሞ አይደንግጡ፤ ብዙ ካርዶች ካልሞቁ ፋናቸውን ሆን ብለው ያቆማሉ።

ሜሞሪው ሲታመም ግን ምልክቱ የራሱ መልክ አለው፣ ምክንያቱም ደግሞ መታወቅ ያለበት ነው። ባለ 8 ጊጋባይት አርኤክስ 580 ላይ 8 የሜሞሪ ቺፖች በዋናው ቺፕ ዙሪያ ተደርድረዋል። አንድ ምስል በአንዱ ላይ ተጠቃልሎ አይቀመጥም፤ ተቆራርሶ በሁሉም ላይ በተራ ይበተናል። ከስምንቱ አንዱ ሲታመም፣ ወይም ከቦርዱ ጋር ያያያዘው ብየዳ ሲሰነጠቅ፣ የሚበላሸው በየተወሰነ ርቀት ያለው ቁራጭ ነው። ስክሪኑ ላይ እንደ ዳማ ገበታ ወይም እኩል እኩል ርቀት እንዳለው መስመር ሆኖ የሚታየው ለዚህ ነው። እንደ ጥልፍ ሥርዓት ያለው ብልሽት ሳይ ቀድሜ የምጠረጥረው ሜሞሪውን ነው። የጌሙ ግድግዳ እንደተጎተተ ላስቲክ ወደ ስክሪኑ ጠርዝ ሲዘረጋ ግን ገና አልፈርድም፤ በአንድ ጌም ላይ ብቻ ከሆነ ጥፋቱ የጌሙ ሊሆን ይችላል።

ለማረጋገጥ ኦሲሲቲ የሚባለው ፕሮግራም የካርድ ሜሞሪ ፈተና አለው። ውጤቱ ዜሮ ስህተት መሆን አለበት፤ አንድም ቢሆን ስህተት ስህተት ነው። ከዚያ አፍተርበርነር በሚባለው የካርድ ማስተካከያ ፕሮግራም የሜሞሪውን ፍጥነት 200 ወይም 300 ሜጋኸርዝ ዝቅ አድርገው ፈተናውን ይድገሙ። ስህተቱ ከጠፋ ሜሞሪው ደክሟል፤ ካርዱን በዚያ ፍጥነት ለጊዜው መጠቀም ይቻላል፣ እንደ ጤነኛ መሸጥ ግን ሰውን መበደል ነው። ከዚህ ፈተና በፊት የኮምፒውተሩን ራም (ዋናውን ሜሞሪ) ሜምቴስት በሚባለው ፕሮግራም ሌሊቱን ማስፈተሽ አይዘንጋ። የታመመ ራም ምስሉ ካርዱ ጋ ሳይደርስ ያበላሸዋል፣ መልኩም ከካርድ ብልሽት ጋር ይምታታል።

ያገለገለ ካርድ ለገዛ ሰው ሌላ ጥርጣሬ ይጨመራል። ኢቴሪየም የሚባለው ዲጂታል ገንዘብ እ.ኤ.አ. መስከረም 15 ቀን 2022 በካርድ መቆፈሩ (ማይኒንግ) ሲያበቃ ብዙ የማይኒንግ ካርዶች ወደ ገበያ ወጥተዋል። ከእነዚህ ውስጥ ባዮሳቸው (ካርዱ ሲነሣ የሚመራበት ውስጣዊ ፕሮግራም) ለማይኒንግ የተለወጠ አሉ፤ ድራይቨሩ አይቀበላቸውም፣ ወይም ጌም ላይ ይወድቃሉ። ካርዱ ግን አልሞተም። ሁለት ባዮስ ያላቸው ሞዴሎች ጠርዛቸው ላይ ትንሽ ማብሪያ አለች፣ ኮምፒውተሩን አጥፍቶ እሷን መለወጥ ብቻውን ሊፈታው ይችላል። ሌላ ባዮስ ከመጫን በፊት ያለውን በጂፒዩ-ዚ ማስቀመጥ ግዴታ ነው። ጂቲኤክስ 1050 ቲአይ ተብሎ የተሸጠው በውስጡ እ.ኤ.አ. የ2010 ወይም የ2011 ቺፕ የሆነም ይገኛል፤ ስሙ ባዮስ ላይ ተቀይሮ ነው። ጂፒዩ-ዚ ከእ.ኤ.አ. 2018 ጀምሮ እንዲህ ያሉትን ብዙዎቹን ለይቶ ሐሰተኛ ብሎ ያሳያል። ለዚህ ካርድ የ1050 ቲአይ ድራይቨር በትክክል አይሠራለትም።

የመጨረሻው ዳኛ ሌላ ኮምፒውተር ነው፣ እሱም ቢሆን በጥንቃቄ። የተጠረጠረው ካርድ ጤነኛና በቂ ኃይል ባለው ኮምፒውተር ላይ ተሰክቶ ያንኑ ምልክት ካሳየ ጉዳዩ አለቀ። የተገላቢጦሹ ሙከራ ግን ወጥመድ አለበት። ከጓደኛ ጂቲኤክስ 750 ቲአይ ተውሰው ቢሰኩና ኮምፒውተሩ ሰላም ቢሆን «የኔው ካርድ ነው የሞተው» ማለት አይቻልም፤ የተዋሱት ካርድ 60 ዋት ብቻ ስለሚበላ የደከመው ፓወር ሰፕላይም ሊሸከመው ይችላል። የሚነጻጸረው ካርድ የሚበላው ኃይል ተቀራራቢ መሆን አለበት።

ካርዱ በእርግጥ ታሞ ከተገኘ «እናሙቀው» የሚል ምክር ይመጣል፣ በኦቨን ወይም በሂት ጋን። ይህን አጥብቄ እቃወማለሁ። እርሳስ የሌለው የዛሬው ብየዳ የሚቀልጠው በ217 ዲግሪ ገደማ ነው፤ የቤት ኦቨን ውስጥ ብዙውን ጊዜ አይቀልጥም። ካርዱ ለጥቂት ቀን የሚነሣው በቺፑ ሆድ ውስጥ የተላቀቁት ጥቃቅን መገናኛዎች በሙቀት ተስፋፍተው ለጊዜው ስለሚነካኩ ነው። እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2008 ኢንቪዲያ ለላፕቶፕ ቺፖች ብልሽት ከ150 እስከ 200 ሚሊዮን ዶላር ወጪ መያዙን ያስታወቀው በቺፑ ማሸጊያ ደካማነት ምክንያት ነበር፤ እንዲህ ያለው ጉዳት በማሞቅ አይድንም። ከፕላስቲኩ የሚወጣው ጭስ ደግሞ እንጀራና ዳቦ በሚሞቅበት ኦቨን ውስጥ ይቀራል።

ከማሞቅ ይልቅ መልቲሜትሩን አንድ ጊዜ ይመልሱት። ካርዱን ከኮምፒውተሩ አውጥተው፣ በኦም ልኬት፣ በኃይል መሰኪያው የ12 ቮልት እግርና በመሬት እግሩ መካከል ይለኩ። ዜሮ አጠገብ ከሆነ ሾርት አለ፤ ብዙ ጊዜ የተቃጠለ ሞስፌት ወይም ካፓሲተር (ኃይሉን የሚቆጣጠሩ ትናንሽ ክፍሎች) ነው፣ ካርዱም ፓወር ሰፕላዩን ሊጎዳ ስለሚችል እንደገና አይሰካ። በዋናው ቺፕ ዙሪያ ባሉት ጥቅልሎች ላይ ግን መልቲሜትሩን በድምፅ አድርጎ ለክቶ «ሾርት ነው፣ ቺፑ አልቋል» የሚል ጠጋኝ ካጋጠመ ይጠንቀቁ። ትልልቅ ቺፖች ጤነኛ ሆነውም እዚያ ላይ ከ1 ኦም በታች ሊያሳዩ ይችላሉ፣ መልቲሜትሩም ይጮኻል። ቁጥሩን በኦም ጽፎ እንዲሰጥዎ ይጠይቁት። ቺፑ ደህና ሆኖ አንድ ሞስፌት ብቻ የተቃጠለበት ካርድ፣ ያ ሞስፌት ሲለወጥ ብዙ ጊዜ ይነሣል።